የሸዋርጋ ደም

ሸዋርጋ በየማለዳው ሥራዋን የምትጀምረው ደም የነካቸውን አንሶላዎች ከሌሎቹ በመለየት ነው። በሐኪም ቤቱ ግቢ ሣር ላይ ያደረው ውርጭ ገና ሳይሟሟ፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ትንበረከክና የተከመረውን ጨርቅ አንድ በአንድ ትገልጣለች። ሽንትና ትውከት የነካው እሳት ላይ ወደተጣደው የፈላ ውሃ በርሜል ይሄዳል። ደም የነካው ከቶጎና ወንዝ በተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ በተሞላው የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ይገባል። ሙቅ ውሃ ደምን ጨርቁ ላይ እንደ እንቁላል ያበስለዋል፤ ከበሰለ በኋላ እንዶድም ሆነ የመንግሥት ሳሙና አያስለቅቀውም። አዲስ የሚቀጠሩ አጣቢዎች ይህን ባለማወቅ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሦስት አንሶላ ያበላሻሉ። ሸዋርጋ አንድም አላበላሸችም። ወደ ሐኪም ቤቱ ከመምጣቷ በፊት አሥራ አንድ ዓመት የሥጋ ሻጭ ሚስት ነበረች።

አባቷ ከመንዝ ወደ ጎባ ከመጡት ወታደሮች አንዱ ነበሩ። እሷ የተወለደችው እዚያው ጎባ ሲሆን ከአማርኛው ቀድማ በኦሮምኛው አፏን ፈታች። ባሏ መሸሻ በጎባ ገበያ ጥግ ለክርስቲያኑ እያረደ ይሸጥ ነበር። በ1944 ዓ.ም. የሳንባ ምች ሲገድለው ሁለት ሴቶች ልጆችና አንድ ካራ ትቶላት ሄደ። ካራውን ሸጠች። በሚቀጥለው ዓመት በሐኪም ቤቱ አጣቢ ሆና ተቀጠረች፤ ልጆቿን አሳድጋ አንደኛዋን ወደ አጋርፋ ከተማ፣ ሁለተኛዋን እዚያው ጎባ ዳረች።

አጣቢ ሕመምተኛውን ሳያይ አንሶላውን ያያል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሸዋርጋ የተነከረ አንሶላ አንስታ በክብደቱ ብቻ ሰውየው ምን ያህል ደም እንደፈሰሰው ትገምት ጀመር። አንድ ቀን የቁስል ጨርቅ ሊያስረክባት የመጣውን ቁስል አካሚ፣ ድሬሰር አምባዬን ጠየቀችው።

«ለመሆኑ ሰው ውስጥ ያለው ደም ጠቅላላው ስንት ነው?»

አምባዬ ሲጠይቁት የሚወድ ሰው ነበር። ሥራውን አዲስ አበባ ተምሮ ነው የመጣው፤ ጎባ ውስጥ የተማረውን የሚጠይቀው ሰው አላገኘም ነበር። «አምስት ሊትር ገደማ ነው እትዬ ሸዋርጋ» አላት። «እንስራ አይሞላም። ልብ እሱኑ ነው ደጋግማ የምትገፋው፤ በአንድ ደቂቃ ዞሮ ይመለሳል።»

«ከፈሰሰስ?»

«ጥቂት ከፈሰሰ አካል ይተካዋል። ውሃውን በሁለት ቀን፣ ቀዩን በስድስት ሰባት ሳምንት። ቀዩን የሚሠራው የአጥንት መቅኔ ነው።»

ሸዋርጋ መቅኔን ታውቃለች፤ መሸሻ ቅልጥም ሲሰብር ስታይ ኖራለች። መቅኔ ለመብላት ብቻ የተፈጠረ ይመስላት ነበር። «ሞኝ ነበርን» አለች፤ አንሶላዋንም መጨመቋን ቀጠለች።

በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የሐኪም ቤቱ ሐኪም፣ የውጭ አገር ሰው ነው፣ ደም መስጫ ጠርሙስና የመመርመሪያ መድኃኒት አስመጣ። አምባዬ እጁን የሚያፍታታው በሠራተኞቹ ላይ ነበር። ከእያንዳንዱ ጣት አንድ ጠብታ እየወሰደ በመስታወት ላይ ከመድኃኒቱ ጋር ይቀላቅልና ይጓጉል እንደሆነ ያያል፤ ውጤቱን በተማሪ ደብተር ላይ ይጽፋል። ሸዋርጋ ኦ ሆና ተገኘች።

«ኦ ማለት» አላት አምባዬ፣ «ለማንም የሚሰጥ፣ ከራሱ ዓይነት በቀር ግን ከማንም የማይቀበል ነው።»

«ያንንማ ሳትወጋኝም እነግርህ ነበር» አለችው።

ሞሚና የምትባለውን አራስ ያመጧት በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ቀን ረፋድ ላይ ነው። ከሮቤ በታች በገሰራ መንገድ ካለ መንደር አራት ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመዋት መጡ፤ ባሏ ኡመርና የኡመር አባት ኦቦ ዲማ ስንቅ በጫኑ ሁለት በቅሎዎች ተከትለው ነበር። ሞሚና ሦስተኛ ልጇን ከወለደች ሁለት ቀኗ ነው። ሕፃኑ ደኅና ነው፤ ከአክስቱ ዘንድ ቀርቷል። የእንግዴ ልጁ ግን ሙሉ በሙሉ አልወጣም ነበር፤ ውስጥ የቀረው ቁራጭ ማሕፀኗ እንዳይኮማተር ስለከለከለ ደሙ ሁለት ቀን ሳያቋርጥ ፈሰሰ። ሐኪሙ ቁራጩን አወጣው፤ ደሙም ቆመ። ነገር ግን የቀራት ደም ጥቂት ነበር። የልብ ምቷ በደቂቃ መቶ አርባ ሆኖ፣ ከንፈሯና ጥፍሯ ነጥቶ ተኝታለች።

አምባዬ ወደ በረንዳው ወጥቶ ለዘመዶቿ ነገራቸው፤ ደም ካላገኘች እስከ ማታ አትቆይም። ደም የሚለው ቃል እንደተነገረ አራቱ ተሸካሚዎች በቅሎዎቹን ሊያዩ ሄዱ። አልተመለሱም። ኡመር እጁን ዘረጋ። አባቱ አጠገቡ ቆመው ሲያዩ ምንም አላሉም። ጠብታው መስታወቱ ላይ ከሞሚና ደም ጋር ሲቀላቀል እንደተበጠሰ ወተት ጓጎለ።

ሸዋርጋ አንሶላ ልትሰበስብ የገባችው በዚህ ሰዓት ነው። ከሞሚና ሥር የወጡት አራት አንሶላዎች ናቸው። አነሳቻቸው፤ መልሳ አስቀመጠቻቸው። ከዚያም ወደ አልጋው ሄዳ የሞሚናን የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣቷ ገለበጠች። ውስጡ የተነደፈ ጥጥ ይመስል ነበር።

«አምባዬ፣ ደብተርህን እየው» አለች። «የኔ ይሆናል።»

ሐኪሙ ሁለቱን ደሞች አገናኝቶ መረመረ። አልጓጎለም። ሸዋርጋ እጅጌዋን ጠቅልላ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። አምባዬ ክንዷን በላስቲክ አስሮ መርፌውን ሲያነሳ ኦቦ ዲማ በሩ ላይ ቆሙ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቁርአን የተማሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። በኦሮምኛ ጠየቁ።

«ይህች ሴት ክርስቲያን ናት?»

«አባቴ፣ ምራትዎ እየሞተች ነው» አለ አምባዬ።

«እሱን አይቻለሁ። የጠየቅሁት ሌላ ነው።»

«ክርስቲያን ነኝ ኦቦ» አለች ሸዋርጋ። ላስቲኩ ክንዷ ላይ እንደታሰረ ነው።

ዲማ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛ የክርስቲያን ሥጋ አንበላም፤ እናንተም የእኛን አትበሉም። ጠላትነት አይደለም፤ ስንኖርበት የቆየን ወሰን ነው። ሥጋውን ያልበላነውን ሰው ደሙን በልጃችን ውስጥ እንዴት እንጨምራለን?»

ኡመር መሬት መሬት ያይ ነበር። አምባዬ ሊናገር አፉን ሲከፍት ሸዋርጋ ቀደመችው።

«ባሌ ሥጋ ሻጭ ነበር ኦቦ። በሬ የክርስቲያን የሚሆነው መቼ እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ካራው አንገቱ ላይ እስኪያርፍ የማንም አይደለም፤ ሳር የበላ በሬ ነው። መሸሻ በስመ አብ ብሎ ሲያርደው ነው የእኛ የሚሆነው፤ እናንተ ቢስሚላሂ ብላችሁ ስታርዱት ነው የእናንተ የሚሆነው። እኔን ያረደኝ አለ? አምባዬ ይህን መርፌ ሲያነሳ የማንን ስም ጠራ? ‹እትዬ፣ አትነቃነቂ› ነው ያለኝ።»

«ደም ራሱ ሐራም ነው» አሉ ዲማ።

«የክርስቲያን ደም ነው ወይስ ደም ሁሉ?»

ዲማ ሐሰት መናገር አልፈለጉም። «ደም ሁሉ።»

«ታዲያ ቅድም ኡመር እጁን ሲዘረጋ አጠገቡ ቆመው ነበር። ዝም አላሉም? የእሱ ካልከፋ የኔ በምን ከፋ?»

ሞሚና ከአልጋዋ ተናገረች። ሦስት ቃል ሳትጨርስ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነበር፤ ግን ሁሉም ሰማት።

«አባ... እናንተ ክርክሩን... ስትጨርሱ ንገሩኝ። ክንዴ ይኸው።» እጇን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥታ ዘረጋች።

ዲማ የተዘረጋውን ክንድ አዩ። «እኔ ፈቀድሁ አልልም» አሉ። «ከለከልሁም አልልም።» ወጥተው በረንዳው ላይ ተቀመጡ።

መርፌው ገባ። ደሙ በላስቲክ ቱቦው ወርዶ ጠርሙሱን ከሥሩ መሙላት ሲጀምር ሸዋርጋ ዓይኗን አልነቀለችም። በስምንት ዓመት ውስጥ ያየችው ደም ሁሉ ደርቆ የጠቆረ፣ ከመግልና ከሽንት የተቀላቀለ፣ ጨርቅ ላይ የተገኘ ነበር። ይህ ንጹሕ ነበር፤ ጠርሙሱን በሌላ እጇ ስትነካው ይሞቃል። ግማሽ ሊትር ሲሞላ አምባዬ መርፌውን ነቀለ፣ ጥጥ አስያዛት፣ ስኳር የበዛበት ሻይ አመጣላት።

«ጾም ነው» አለች።

«ካልጠጣሽ ትወድቂያለሽ። ከወደቅሽ ደግሞ እኔ ነኝ የምሸከምሽ።»

ፊቱን አየችና ጠጣች። ሦስት ማንኪያ ስኳር ነበረው።

ጠርሙሱ ሞሚና አልጋ ራስጌ ባለው ብረት ላይ ተሰቀለ። በአንድ ሰዓት ውስጥ የልብ ምቷ ወደ መቶ ሃያ ወረደ፤ ከዚያ በታች ግን አልወርድ አለ። ሐኪሙ ቆጠረ፣ ጠበቀ፣ እንደገና ቆጠረና አንድ ጠርሙስ እንደማይበቃ ተናገረ። ሸዋርጋ ሌላኛውን ክንዷን ስትዘረጋ በእጁ መለሳት። ከአንድ ሰው በአንድ ቀን ሁለት ጠርሙስ አይወሰድም፤ ሁለት ሕመምተኛ አያስፈልገኝም አላት።

ደብተሩ ውስጥ ሌላ ኦ አልነበረም። ከሠራተኞቹ የሞሚናን ዓይነት የያዘው አንድ ዘበኛ ነበር፤ እሱ ደግሞ ፈቃድ ወጥቶ ጊኒር ሄዷል።

ሸዋርጋ ወደ እጥበት ክፍሉ ተመለሰች። በገንዳው ከነበሩት አንሶላዎች ስድስቱን ጨምቃ ሰቀለች። ሰባተኛውን እንደያዘች ቆመች፤ ገንዳው ውስጥ ጣለችውና በጓሮው በር በኩል በቅሎዎቹ ወደታሰሩበት ሄደች።

አራቱ ወንዶች ግድግዳ ተጠግተው ፀሐይ እየሞቁ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ይበላሉ። ቅቤው በጣቶቻቸው መካከል ያብረቀርቃል። ከመካከላቸው ትልቁ ጃርሶ፣ የኡመር የአጎት ልጅ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ቀልደኛ ሰው ነው። ሳህኑን ዘረጋላት።

«ነይ አዴ፣ ቅመሺ።»

«ቅቤ አለው፤ ጾም ነው። ዛሬ ሌላውን አፍርሻለሁ፤ ቅቤው ይቅርብኝ። በቅሎዎቹ እንዴት ናቸው?»

«ደኅና ናቸው።»

«አራት ሰው ሲጠብቃቸው ደኅና ቢሆኑ አይደንቅም። ሞሚና ግን ደኅና አይደለችም። አንድ ጠርሙስ ይጎድላል።»

አንደኛው ጭኮውን ማላመጡን ቀጠለ።

«ጃርሶ፣ ጋቢህን ከትከሻህ አውርድ።»

«ለምን?»

«አውርድ አልኩህ። ጀርባህን ልየው።»

ጃርሶ ሌሎቹን እያየ ሳቀና ጋቢውን አወረደ። በትከሻዎቹ መካከልና በማጅራቱ ላይ ጥቃቅን ጠባሳዎች ሦስት ሦስት እየሆኑ ተደርድረው ነበር። ምላጭ የበጣው፣ የዋግምት ቀንድ የመጠጠው ቦታ ነው።

«ይህ ስንት ጊዜ ነው?»

«በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ። ራሴን ሲከብደኝም እታገማለሁ።»

«አጋሚው ደሙን የት ያደርሰዋል?»

«የት ያደርሰዋል፣ መሬት ላይ ይደፋዋል።»

«ስንት ዓመት?»

ጃርሶ አሰበ። «ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ።»

«እንግዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ ለአፈርና ለዝንብ ስትሰጥ ኖረሃል፤ ሰው ሲጠይቅህ በቅሎ ታያለህ» አለች ሸዋርጋ። «ደም አይተካም ብላችሁ ነው የሸሻችሁት። ካልተካ አንተ ድሮ አልቀህ ነበር። ዞር በሉ እናንተም! ምላጭ ያልነካው ማጅራት ካለ ያ ሰው ይቅር፤ አልነካውም።»

አንዳቸውም አልዞሩም። አንደኛው ጋቢውን ወደ አንገቱ ሳበ።

«ያ ሌላ ነው» አለ ጃርሶ፤ ሳቁ ጠፍቷል። «ያ መጥፎው ደም ነው የሚወጣው። እዚህ የሚወስዱት ደጉን ነው። ጉልበት ይቀንሳል። ሚስት አለኝ አዴ፤ ሲመሽ ምን እላታለሁ?»

«እኔ ባልቴቷ ከሰጠሁ በኋላ ስድስት አንሶላ ጨምቄ መጥቻለሁ። ጉልበትህ ከስድስት አንሶላ ካነሰ ለሚስትህ አዲስ ነገር አትነግራትም፤ ታውቃለች።»

ሦስቱ በሳቅ ፈነዱ። አንደኛው ጭኮው ትን አለው። ጃርሶም ሊቆጣ ፈልጎ አልሆነለትም። ተነስቶ እጁን በጋቢው ጠረገ፤ ጋቢውን መልሶ ለበሰ።

«እኔ ከሄድሁ ሁላችሁም ትመጣላችሁ» አላቸው። «ብቻዬን መቀለጃ አልሆንም።»

አራቱም በረንዳው ላይ ተሰለፉ። አምባዬ ጣታቸውን እየወጋ መረመረ። የመጀመሪያው ጓጎለ፤ ሁለተኛው ጓጎለ፤ ሦስተኛው ገና መርፌውን ሲያይ ራሱን ስቶ ወደቀና ለጊዜው ታለፈ። የጃርሶ ደም ከሞሚና ደም ጋር ተቀላቅሎ ሳይጓጉል ቀረ። ኦቦ ዲማ ከተቀመጡበት ሆነው ሲያዩ ቆይተው ሁለተኛው ጠርሙስ ከፊታቸው ሲያልፍ በከንፈራቸው ዱዓ አደረጉ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የልብ ምቷ ዘጠና ስድስት ሆነ። ሞሚና ወተት ጠየቀች። በዘጠነኛው ቀን በበቅሎ ተቀምጣ ወደ መንደሯ ተመለሰች።

ወሬው ጎባ ውስጥ ለመዞር ይህን ያህል ቀን አልፈጀበትም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሸዋርጋ የንስሐ አባት መምሬ ገብረ ሥላሴ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ አስቆሟት። ደግ ሰው ናቸው፤ መሸሻን የቀበሩት፣ ልጆቿን ያጠመቁት እሳቸው ናቸው። ቀኖናዋን አስበው ጨርሰው ነበር የመጡት፤ አርባ ቀን፣ በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት፤ ሁለተኛም እንዳይደገም።

«ስለ ምኑ ነው አባቴ?» አለች።

«ሥጋና ደሙን የምትቀበዪበትን ሰውነትሽን ደም ለእስላም ሰጥተሻል። ጾሙንም ሽረሻል ብለውኛል።»

«ጾሙን ሽሬአለሁ። ሻይ ነው የጠጣሁት፤ ስኳሩ ሦስት ማንኪያ ነበር። ስለ ሻዩ እሰግዳለሁ። ስለ ደሙ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልሰግድም።»

«ሸዋርጋ!»

«ስምንት ዓመት የሰው ደም አጥቤአለሁ አባቴ። የቄስም አጥቤአለሁ፤ የሼህም አጥቤአለሁ። ገንዳው ውስጥ ለይቼው አላውቅም። ንስሐ የሚገባው ለኃጢአት ነው፤ ይህን ኃጢአት ካሉኝ ደግሞ ሌላ ቀን እደግመዋለሁና እንዳልዋሽዎ ከአሁኑ ይወቁት።»

መምሬ መስቀላቸውን ሳያሳልሟት ሄዱ። ሸዋርጋ የሻዩን ስግደት በዚያው ሳምንት ጨረሰች።

በጥር ሃያ አንድ የማርያም ማኅበር ነበራት። የማኅበሩ እናት ወይዘሮ ሠርከአዲስ ናቸው። ጽዋው ከግራ ወደ ቀኝ ሲዞር ሸዋርጋ ዘንድ ደርሶ እጇን ዘረጋች፤ ወይዘሮ ሠርከአዲስ በላይዋ አሳልፈው ለቀጣይዋ ሰጡት።

«አባታችን እስኪፈቱሽ ነው» አሉ፤ ዓይኗን ሳያዩ።

«አልታሰርሁም» አለች ሸዋርጋ። የዘረጋችውን እጅ ጉልበቷ ላይ አሳረፈችው። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ተነስታ እስክትወጣ ጠበቁ። አልተነሳችም። ጸሎቱ እስኪያበቃ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች፤ ስትወጣም ሁሉንም በየስማቸው ተሰናበተች። በየካቲት ሃያ አንድ ቀድማ መጥታ እዚያው ቦታ ተቀመጠች። ጽዋው እንደገና አለፋት። በዚህም ጊዜ እጇን ዘርግታ ነበር።

በመጋቢት አሥራ ሁለት ቀን አምባዬ ሰው ላከባት። የወፍጮ ቀበቶ ክንዱን ይዞት ብዙ ደም የፈሰሰው አንድ የሮቤ ሰው ሐኪም ቤት ገብቶ ነበር። የሸዋርጋ ጠርሙስ ለመሙላት አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ።